የክፍል ሰባት ባለቤት

እንየው ሆዴ፣

ይህ ደብዳቤ በየት በኩል እንደሚደርስህ አላውቅም። የምጽፍልህ ናፍቀኸኝ ብቻ እንዳይመስልህ፤ ተናድጄም ነው። ከተለየኸን ሁለት ዓመት አልፎ ሦስተኛው ክረምት ገባ። ሙት ዓመትህን አውጥተናል፣ ጥቁር ልብሴን አውልቄያለሁ፣ ሰዉም "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ማለቱን ትቶ ማዳበሪያ መቼ እንደሚመጣ ወደ መጠየቁ ተመልሷል። የሌላዋ ባል ሲሞት አርፎ ይተኛል። አንተ ግን በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ያችን ቡናማ ኮትህን ለብሰህ ስልኬ ላይ ብቅ ትልና ስለ አፈር ታስተምረኛለህ። ስጠይቅህ አትመልስልኝ፣ ስቆጣህ አትሰማኝ፣ ጣቴን ካላሳረፍሁብህ ደግሞ ዝም አትል።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ምሕረት አሥራ ሁለት ዓመቷን ያዘች። ቁመቷ ትከሻዬ ጋ ደርሷል፣ መነጽር አድርጋለች፣ ግትርነቷ ግን ያንተው ነው። የውጭ በሩን ነገ እጠግነዋለሁ እንዳልህ ሄድህ፤ አሁንም መሬት ለመሬት እየተጎተተ ነው የሚከፈተው። በተጎተተ ቁጥር ስምህን አነሣለሁ፣ በበጎ እንዳይመስልህ። የተከልኸው ዘይቱን አፍርቷል። ዋናው መንገድ ላይ የባጃጁ ብዛት ለጉድ ነው፤ የጋሪ ፈረሶቹ መሄጃ አጥተው ጥግ ጥጉን ይዘዋል። ቀረጻህን እየጮኸ ያበላሸብህን ያን ቀይ አውራ ዶሮም ለፋሲካ አርደን በልተነዋል። ክፍል ሦስት ላይ ግን እስከ ዛሬ ይጮኻል።

የቀረጻውን ሰሞን መቼም አትረሳውም። የምታስተምርበት ኮሌጅ ትምህርቱን በኢንተርኔት ሊሰጥ ነው ተባለና መምህራኑን በቪዲዮ እየተቀረጻችሁ አምጡ አሏችሁ። የምትቀረጹበት ክፍል የለ፣ ካሜራ የለ፣ ብቻ አምጡ። ሌሎቹ ሲያጉረመርሙ አንተ እንደ ልጅ ፈነጠዝህ። ቋሪት ላይ ያለች የልማት ሠራተኛ ሥራዋን ሳትለቅ፣ ልጇን ለሰው ሳትሰጥ ዲግሪዋን ልትይዝ ነው እያልህ ቤቱን ዞርኸው። የቋሪቷን ስታነሣ ዓይንህ እኔ ላይ ነበር። በዲፕሎማ የግብርና ሠራተኛ ሆኜ ስንት ክረምት በገበሬ ማሳ ላይ እንደተመላለስሁ ታውቃለህና።

እናም ሳሎናችን ስቱዲዮ ሆነ። ድምፅህ እንዳያስተጋባ ጋቢህን ግድግዳው ላይ ሰቀልነው። ስልኬን የምናቆምበት ብናጣ ሙቀጫውን ደፋነውና በላዩ መጻሕፍትህን ደርድረን፣ ስልኩን በስኳር ጣሳ አስደገፍነው። ውጭ ጋሪ ባለፈ ቁጥር የፈረሱ ቃጭል ይገባል፣ ባጃጅ ይጮኻል፣ መብራት ይሄዳል። ችግር ሲኖር እኔ እጄን አነሣለሁ፣ አንተ ታቆማለህ፣ እንደገና እንጀምራለን። ያ ነበር ሕጋችን።

ስልክ ፊት ግን መናገር አቃተህ። ሃያ ዓመት ሰው ፊት ቆመህ ያስተማርህ ሰውዬ ላብ አጠመቀህ። ይሄ ነገር ዓይን የለው፣ ይግባው አይግባው በምን አውቃለሁ አልህ። በኋላ ዘዴ አገኘህ፤ እኔን ከስልኩ ጀርባ፣ በስተግራ በኩል አቆምኸኝ። ያስረዳኸው ለእኔ ነበር። ግንባሬን ከቋጠርሁ ሌላ ምሳሌ ትጨምራለህ፣ ፈገግ ካልሁ ታልፋለህ። በየመሀሉ ቀና ትልና "ገባ?" ትለኛለህ። እኔ ራሴን ስነቀንቅ ወደሚቀጥለው ትሄዳለህ። የዛሬ ተማሪዎችህ መምህሩ ወዴት ነው የሚያዩት እያሉ ይሳሳቃሉ። አንዱ ማስታወሻ ግድግዳ ላይ ለጥፎ እያነበበ ነው አለ። ነገሩን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፣ ለማንም አልነገርሁም።

አሥራ ሁለቱን ክፍል ቀርጸን ልከን ነበር። አንተ ከሄድህ በኋላ ኮሌጁ ቪዲዮዎቹን እንዳሉ አስቀጠላቸው። እኔም ቃልህን ላክብር ብዬ ተመዘገብሁ። በሁለተኛው ዓመት "የአፈር ለምነት አያያዝ" የሚለው ትምህርት ሲደርስ ገጹን ከፈትሁት፤ ጋቢው፣ ቡናማው ኮት፣ አንተ። ያን ቀን ምን እንደሆንሁ አልነግርህም። ምሕረት ግን እንደ እኔ አላለቀሰችም። ከአጠገቤ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው ሰማችህና "አባባ ሲያስተምር እንዲህ ነበር?" አለችኝ። አዎ አልኋት። "ደስ ይላል" ብላ ወደ ጥናቷ ሄደች።

ተማሪው ግን እንዴት አድርጎ እንደሚያይህ ብታውቅ መቃብርህ ውስጥ ትገላበጥ ነበር። ኔትወርክ አንድ ቀን ይመጣል፣ ሦስት ቀን ይጠፋል። ስለዚህ አንዱ ያወርድና በቴሌግራም ለሌላው ይልካል፣ ያም በፍላሽ ገልብጦ ገጠር ይዞት ይወጣል። አብዛኛው ጊዜ የለኝም ብሎ አፍጥኖ ነው የሚሰማህ። ያ ረጋ ያለ ድምፅህ እንደ ጫጩት ጭውጭው እያለ ያልፋል። በስምህም ይቀልዳሉ፤ "ዛሬ ኔትወርክ አለ፣ እንየውን እንየው" ይባባላሉ። በዚህኛው እንኳ አልተቀየምሁም፣ አንተም ትስቅ ነበር።

ያሳበደኝ ስልክህ ነው። በየቪዲዮው መጨረሻ "ጥያቄ ካላችሁ ደውሉልኝ" ብለህ ቁጥርህን ትናገራለህ። ማን ተናገር አለህ? ቁጥሩን ልዘጋው ብዬ እጄ እንቢ አለኝ፣ ስለዚህ ይደውላሉ። ምሳ ላይ ይደውላሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ይደውላሉ። "መምህር አሉ?" ይላሉ። የሉም እላለሁ። "መቼ ይመለሳሉ?" ይላሉ። መጀመሪያ መጀመሪያ እውነቱን ስነግራቸው አንዷ ስልኩ ላይ አለቀሰች፤ አሁን ሲናገሩ ሰምቻቸው ነው የደወልሁት ብላ ልታምነኝ አልቻለችም። ከዚያ ወዲህ መምህሩ አይመቻቸውም፣ ጥያቄሽን ንገሪኝ ማለት ጀመርሁ። ያወቅሁትን እመልሳለሁ፣ ያላወቅሁትን ደብተርህን ገልጬ እፈልጋለሁ። ያለ ደመወዝ ረዳትህ አደረግኸኝ።

ከእነዚህ ደዋዮች አንዱ ነው ጉዱን ያወጣው። አዴት አካባቢ የሚሠራ ሰው ነው፣ ድምፁ ትሑት ነው። "ክፍል ሰባት ላይ የኖራውን መጠን በጥማድ ነው የሚሉት፣ በሄክታር ማለታቸው ይሆን?" አለኝ። ስልኩን እንደያዝሁ አስታወስሁ።

አንተም ታስታውሳለህ። ክፍል ሰባት ስለ አሲዳማ አፈር ነው፤ መሬቱ እንዲያገግም ምን ያህል ኖራ እንደሚበተንበት። ከአሥራ ሁለቱ መጨረሻ የቀረጽነው እሱን ነበር፤ ያን ቀን አራት ጊዜ ጀምረን አራት ጊዜ ተበላሽቶብናል። ሁለቱን ዶሮው፣ አንዱን መብራቱ፣ አንዱን ጎረቤት ወንፊት ልትዋስ መጥታ። በአምስተኛው ደክሞህ ነበር። መጽሐፉ በሄክታር ብሎ የጻፈውን መጠን ምላስህ በጥማድ ብሎ አወጣው። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር እንደሚሆን ከአንተ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ግን የገበሬ ልጅ ነህ፤ መሬት ሲባል አእምሮህ የሚቆጥረው በጥማድ ነው። እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ፣ ጆሮዬ ሳያንገራግር ተቀበለው። ቀና ብለህ "ገባ?" አልኸኝ። እኔ አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። የገባኝ ምንም የለም እንየው፤ የምጠብቀው እስክትጨርስ ነበር። ወጡ እንዳያርብኝ እየፈራሁ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ፊትህን እየታጠብህ፣ ሳሙናው ዓይንህ ውስጥ እንዳለ "ጥማድ ነው እንዴ ያልሁ?" ብለህ ጮኽህ። ቪዲዮውን ኔትወርክ ሲገኝ ብለን ማታውኑ ልከነው ነበር። ደብተርህ ላይ "ክፍል ሰባት፦ ጥማድ ሳይሆን ሄክታር። ቅዳሜ ይቀረጽ" ብለህ ጻፍህ። ሐሙስ አመመህ። ቅዳሜ ባሕር ዳር ሆስፒታል አልጋ ላይ ነበርህ። ከዚያ በኋላ ስለ ኖራ ያሰበ ሰው በዚህ ቤት አልነበረም።

ለአዴቱ ሰው በሄክታር ነው አልሁት። ተሳስተው ነው ብሎ መጨመር ግን ከአፌ አልወጣም። ያንተን ስህተት ለባዳ መናገር ገመናህን መግለጥ መሰለኝ። አንድ ሰው ተነግሮታል፣ ይበቃል ብዬ ራሴን አታለልሁ።

ፈተናው መጣ። ፈተናውን ያወጣው ሰው ቪዲዮህን እየሰማ ነው ያወጣው፣ የሚያርመው ደግሞ ማሽን ነው። የኖራው መጠን ተጠየቀ። እኔ በሄክታር ያለውን መረጥሁ፣ ማሽኑ ስህተት ነው አለኝ። ከዚያው መጠን ላይ ተነሥተው የሚሰሉ ጥያቄዎች ተከታትለው ነበር፤ ሁሉንም በትክክል ሠርቼ ሁሉንም አጣሁ። በአንተ ትምህርት ወደቅሁ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ወሬው እንዴት እንደተነዛ አልነግርህም፤ ባሏ ያስተማራትን የወደቀች እየተባልሁ ሻይ ይጠጣብኛል። ለዚህ ነው አሁን ማክሰኞና ሐሙስ እንደገና የማይህ።

ለኮሌጁ ደወልሁ፣ ጻፍሁ። የደረሰኝ መልስ "አስተያየትዎን ስለሰጡን እናመሰግናለን" የሚል ነው። ደግሜ ጻፍሁ፤ ደግመው አመሰገኑኝ። ክፍል ውስጥ ቢሆን ኖሮ አንድ ተማሪ እጁን ያወጣል፣ አንተ ግንባርህን መታ መታ ታደርጋለህ፣ ሰሌዳው ላይ ታጠፋዋለህ፣ ይስቁብሃል፣ አለቀ። ቪዲዮ ግን አይታረም፣ አያፍርም፣ አይደክመው። ያችኑ ስህተት ለእያንዳንዱ ተማሪ እንደ አዲስ ይናገራል። ከዚያ ቀና ይልና "ገባ?" ይላል።

እስከዚህ ድረስ የተናደድሁት ለራሴ ነበር። ባለፈው መስቀል ግን ምሕረትን ይዤ ቡሬ፣ ወንድምህ ጋሼ አበጀ ዘንድ ሄድሁ። ጠላው ደርሶ፣ ቤቱ ሞቆ፣ እሳቸውም እንደ ልማዳቸው እየቀለዱ ተቀበሉን። ከሰዓት ማሳ ለማየት ወጣሁ። አራት ጥማድ ስንዴ ነው ያላቸው። ሦስቱ እንደ ዓመቱ ነው፣ አይከፋም። አንዲቱ ጥማድ ግን ቢጫ ሆና፣ ቀጭጫ፣ ጉልበት እንኳ ሳትደርስ ቀርታለች። ጎንበስ ብዬ አፈሩን ሳየው ነጭ ነጭ ይላል።

ጋሼ አበጀን ምን ሆኖ ነው አልኋቸው። ወሬ ለወጡ፣ ስለ በርበሬ አነሡ፣ ስለ ዝናቡ አነሡ። ስጨቀጭቃቸው ቀበሌያቸው ያለችው ወጣት የልማት ሠራተኛ ባለፈው ሰኔ መጥታ እንደነበር ነገሩኝ። ለአራቱም ጥማድ የመጣላቸውን ኖራ በአንዲቱ ላይ በትኑት አለቻቸው። አይበዛም ወይ ብለው ሲጠራጠሩ ስልኳን አወጣችና ወንድምዎ ናቸው ያሉት ብላ አንተን ከፈተችላቸው። እሳቸው ማሳው ዳር ተቀምጠው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሰሙህ። ከሞትህ ወዲህ ድምፅህን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነው። ደግመሽ ክፈችው አሏት። ከዚያ ተነሥተው እየዘገኑ በተኑት።

"ወንድሜ አፉን ከፍቶ ሲናገር እንዴት ብዬ እንቢ ልበለው፣ በሕይወት እያለም እንቢ ብየው አላውቅ" አሉኝ። እኔ አፍሬ መሬት መሬት ሳይ አንገቴን ደፍቼ እንዳልቀር ፈገግ አሉ። "አይዞሽ እናኑ፣ ኖራውስ በዝቶ ነበር፤ ያነሰው መኖሩ ነው" አሉ። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት እንደነበሩ መቼም ታውቃለህ። ሰሙን ስቄ ተቀበልሁት። ወርቁ የደረሰኝ ወደ ፍኖተ ሰላም ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ነው። ምሕረት ምን ሆነሽ ነው አለችኝ፤ አቧራ ነው አልኋት።

ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻልሁም። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ኮሌጁ ቢሮ ሄድሁ። የተቀበለችኝ ሴት ጨዋ ናት፣ ወንበር ሰጠችኝ። ችግሬን ዘረዘርሁላት፣ የጋሼ አበጀንም ማሳ ጭምር። አዘነች። ካዘነች በኋላ ግን ተማሪ በቪዲዮ ይዘት ላይ ማመልከት እንደማይችል፣ ይታረም ብሎ መጠየቅ የሚችለው የቪዲዮው ባለቤት ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። የማረሚያና የማንሻ ገጽ ያለውን ቅጽ አወጣች። ባለቤቱ ሞተዋል አልኋት። የሞት ማስረጃ አምጪ አለችኝ። በሌላ ጊዜ ይዤ ሄድሁ። ማስረጃውን አገላብጣ አየችና እንግዲያው ባለቤቱ ከሌሉ ማረም አይቻልም፤ ቤተሰብ ከጠየቀ ግን አሥራ ሁለቱንም ክፍል ማንሣት ይቻላል አለችኝ። ማንሣት ማለት ማጥፋት ነው።

ንዴቴ እዚያው ፈርሚ ፈርሚ ብሎኝ ነበር። ይጥፋ፣ እኔም ልረፍ፣ አንተም እረፍ። ግን ብዕሩን እንደያዝሁ አሰብሁት። የእነሱ ገጽ ላይ ቢጠፋ ቴሌግራሙ ላይ ያለው አይጠፋ፣ ፍላሹ ላይ ያለው አይጠፋ። ስህተቱ ቀርቶ እርማት የሚገባበት በር ብቻ ነው የሚዘጋው። ደግሞስ አሥራ አንዱ ክፍል ምን በደለ? የአፈር መሸርሸሩን ያስረዳህበት ክፍል ሁለት፣ እኔ እንኳ ከዲፕሎማዬ ያላገኘሁትን ነው ያገኘሁበት። በአንዲት ቃል የተነሣ ላብህ ሁሉ ሊደመሰስ? ቅጹን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁና ላስብበት ብያት ወጣሁ።

ቅጹ ወራት ቦርሳዬ ውስጥ ተቀመጠ። ባለፈው ግንቦት ተራ ይዤ ባንክ ቤት ተቀምጬ ሌላ ወረቀት ስፈልግ እጄ ላይ ገባ። የማረሚያውን ገጽ እስከዚያ ቀን ከላይ እስከ ታች አንብቤው አላውቅም። የመጨረሻው መስመር "የቪዲዮው ባለቤት ስምና ፊርማ" ይላል። ባለቤት። ብቻዬን ሳቅሁ፤ አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ዞር ብለው አዩኝ። እንየው፣ ሃያ ዓመት ሊሞላ ምንም ያልቀረው ትዳር ውስጥ አንተ ሰው ፊት ስታስተዋውቀኝ ምን ነበር የምትለኝ? ባለቤቴ ናት።

ስሜን ጻፍሁ፣ ፈረምሁ፣ የጋብቻ ወረቀታችንን አያይዤ ሄድሁ። ያች ጨዋ ሴት አነበበችና ባለቤቱ እኮ መምህሩ ናቸው አለች። የመምህሩ ባለቤትስ ማን ናት አልኋት። መጀመሪያ አልገባትም፤ ከዚያ አፏን በእጇ ሸፈነች። አለቃዋን ጠራች። አለቃው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፣ የእኛው አገር ሰው። መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ወደ እኔ አዩ፣ ወደ ወረቀቱ አዩ። "ቃሉን የጻፍነው እኛው ነን፣ እንግዲህ ምን ይደረግ" አሉና ማኅተሙን አስመቱልኝ። ቪዲዮው አይነካም፣ ግን ከክፍል ሰባት ፊት ከሦስት ደቂቃ ያልበለጠ ማረሚያ ይገባል፣ የሚቀርጸውም ባለቤቱ ነው። ከፈተናው ጀምሮ የአገር ምክንያት ሲደረደርልኝ ኖሮ በአንዲት ቃል ተፈታ። በአንዲት ቃል ነው የታሰረውም። የፈተናውን መልስ ግን እስካሁን አላረሙትም፤ እሱ ሌላ ቢሮ ነው ብለውኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ቀረጽነው። ሆን ብዬ ነው ቅዳሜ ያደረግሁት፤ ደብተርህ ላይ የጻፍኸው ቅዳሜ ነዋ። ጋቢህን ግድግዳው ላይ ሰቀልሁ፣ ሙቀጫውን ደፋሁ፣ መጻሕፍትህን ደረደርሁ። ምሕረት ከስልኩ ጀርባ፣ በስተግራ ቆመች። የምለውን ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፌ ሸምድጄዋለሁ። "የመምህር እንየው ባለቤት ነኝ" ብዬ ጀመርሁ። መምህሩ በዚህ ክፍል በጥማድ ያሉት በሄክታር ለማለት ነው፣ ስህተቱንም ራሳቸው በማግስቱ አግኝተው ሊያርሙት ጽፈውት ነበር፣ ዕድሜ አልሰጣቸውም አልሁ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ሁለት ደቂቃም አልሞላ። ጨርሼ፣ ሳላስበው፣ ቀና ብዬ ምሕረትን "ገባ?" አልኋት።

ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ከዚያ እጇን አነሣች።

ተናደድሁባት። ደክሞኛል፣ ውጭ ጋሪ ቆሟል፣ መብራቱ ሊሄድ ይችላል። ምኑ ነው ያልገባሽ አልኋት። "ጥማድ ምንድን ነው?" አለችኝ።

ቁጭ አልሁ፣ እንየው። የሁለት ገበሬዎች የልጅ ልጅ፣ የአፈር መምህር ልጅ፣ ጥማድ ምን እንደሆነ አታውቅም። ከየት ታውቀዋለች፣ ከተማ ነው ያደገችው። አንተ ሳታስበው አልኸው፣ እኔ ሳላስበው ሰማሁት፣ ጋሼ አበጀ እየተጠራጠሩም አምነው በተኑት፤ ቆም ብሎ ምንድን ነው ያለ ሰው ከመካከላችን ጠፋ። ወረቀቱን ጣልሁት። ተነሥቼ ለእሷ አስረዳኋት። አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ነው አልኋት። የቡሬዋን ቢጫ ማሳ ታስታውሺያለሽ፣ እሷ አንዲት ጥማድ ናት፤ ከጎኗ ያሉትን ሦስቱን ስትጨምሪ ሄክታር ይሆናል። ኖራው ለአራቱም ነበር፣ ባንዲቱ ላይ ነው የተበተነው። አጎትሽ አባትሽን አምነው ነው አልኋት። ያኔ ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣ አላቆምሁም። ምሕረትም አላቆመችውም። እንደገና "ገባ?" ስላት በጣቷ እስከ አራት ቆጥራ ራሷን ነቀነቀች፤ እንደ እኔ አይደለም፣ እንደ ገባው ሰው ነው።

ከሦስት ደቂቃ በልጧል። እንዳለ ልኬዋለሁ፤ ካስፈለገ ለዚህም ቅጽ ይኖራቸዋል። ኮፒውን ለአዴቱ ሰው በቴሌግራም ሰጠሁት፣ እሱ ለማን ለማን እንደሚሰጥ ያውቃል። ለጋሼ አበጀ ግን ራሴ ይዤላቸው እሄዳለሁ፤ ስልክ ላይ ብቻቸውን እንዲሰሙት አልፈልግም፣ አጠገባቸው ልቀመጥ።

ይቅር በለኝ። የዚያን ቀን ሳይገባኝ ራሴን ነቅንቄልሃለሁ። አንተንም ይቅር ብዬሃለሁ፣ በሩን ሳይጨምር። ከአሁን በኋላ ሰው እንደሚያደርገው አንድም ጉድፍ እንዳልነበረብህ አድርጌ አላስታውስህም። ሳሙና ዓይኑ ውስጥ እያለ ስህተቱ ትዝ ያለው፣ ሳይደርቅ ሮጦ ደብተሩ ላይ የጻፈው ሰውዬ ነው የእኔ ባል። እሱን አልረሳም፣ ለምሕረትም እሱን ነው የማወርሳት።

ማክሰኞ ክፍል ሰባት ሲከፈት መጀመሪያ እኔ እወጣለሁ፣ ከዚያ አንተ። እስከ መጨረሻው እሰማሃለሁ፣ ሳላፈጥን። ቀና ብለህ ወደ ግራ ስታይ እዚያው ነኝ። ካልገባኝ ግን፣ ሆዴ፣ እጄን አነሣለሁ።

ባለቤትህ
እናኑ
ፍኖተ ሰላም